38.50 ግራም፦ ደሴ ውስጥ የተፈጸመ አንድ የወርቅ ሽያጭ

ይህ ጽሑፍ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አንዲት የደሴ ነዋሪ የማታደርገውን ወርቅ ለመሸጥ ስትነሣ የገጠማትን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ይመለከታል። ባለጉዳይዋ የ34 ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዳ፣ ስሟና ሠፈሯ እንዲሁም የገባችባቸው ወርቅ ቤቶች ማንነት እንዳይገለጥ ጠይቃለች። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በወርቅ ንግድ እጄ የለበትም፤ ወደ ነገሩ ያስገባኝ የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የግራምን መቶኛ የሚለይ ሚዛን ያለው መሆኑ ብቻ ነበር።

ለሽያጭ የቀረበው ጌጥ አምስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በ2013 ዓ.ም. ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ ገዝታ በሰው እጅ ለእናቷ የላከችው ሀብል ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከፈረሰው ትዳሯ የቀሩ ብራስሌትና ባለ ቀይ ድንጋይ ቀለበት ናቸው። አራተኛው ጓደኛው የጠፋበት አንድ ሎቲ ሲሆን፣ አምስተኛው ከአያቷ የወረሰችው፣ ማህተም የሌለበት፣ በቅርጹ ከሌሎቹ ሁሉ የሚያምር ጉትቻ ነው። ሀብሉ የራሱ ታሪክ አለው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ በዘለቀ ጊዜ እናትየው በርበሬ በተሞላ ቅል ውስጥ ቀብረው አተረፉት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አንገት ላይ አልዋለም።

ገንዘቡ የተፈለገው ለስፌት ሥራ ነው። ባለጉዳይዋ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የጠርዝ መዝጊያ መኪና በ240,000 ብር ተስማምታ፣ 40,000 ብር ቀብድ ከፍላለች፤ ቀሪውን 200,000 ብር እስከ ሐሙስ መጋቢት 11 ካላመጣች መኪናዎቹ ለሌላ ሰው እንደሚሰጡ ሻጩ ነግሯታል። ኢድ አል ፈጥር ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተደራርበው ስለነበር ከኢዱ ልብስ ሌላ የፋሲካም ትእዛዝ ይጠበቃል። ስለዚህ የቸኮለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ችኮላዋን ለገዢ መንገሯ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ወርቅ ቤት

ሰኞ መጋቢት 8 ቀን ብቻዋን ወደ አንድ ወርቅ ቤት ገባች። ገና ዕቃውን ከመሀረቡ ሳትፈታ፣ እስከ ሐሙስ ገንዘብ እንደሚያስፈልጋት ተናገረች። ባለሱቁ አምስቱንም በአንድነት ሚዛን ላይ ካፈሰሰ በኋላ የአያቷን ጉትቻ በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ ቅብ ነው፤ ወርቅ አይደለም» አላት። እውነቱን ነበር። ይህች አንዲት እውነት ግን በኋላ ለተናገረው ሁሉ ዋስ ሆነችለት፤ ያልተጠየቀውን ጉድለት የገለጠ ሰው በቀረው ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከዚያ ብራስሌቱን ብቻ መፈተኛው ድንጋይ ላይ አሸት አድርጎ፣ 18 ካራት ነው አለ፤ ሌላውንም በዚያው ደመደመ። ሀብሉ ላይ ያለውን የ21 ካራት ምልክት፣ 875 የሚል ማህተም ስታሳየው፣ የዓረብ አገር ማህተም እንደማይታመን ነገራት። የቀሩት አራቱ ከመዘኑት 38.5 ግራም ለድንጋዩ 1.5 ግራም፣ «ለብየዳና ለእድፍ» ደግሞ 2 ግራም ቀንሶ፣ 35 ግራም በ9,200 ብር አባዝቶ 322,000 ብር አቀረበ። «አብሽሪ፣ ከተማውን ዙሪ፤ በ9,200 የሚገዛሽ አታገኚም» ሲልም አሰናበታት። በዚህም አልዋሸም። በእርግጥ በኋላ ከጠየቅናቸው ውስጥ ለ18 ካራት ይህን ያህል የጠራ ሌላ ሰው አልነበረም።

ማታ ቤቴ መጣች። «መምህር፣ ሰውዬው ደግ ሰው ነው፤ ግን አንቱ ካላዩልኝ አልሸጠውም» አለችኝ። እኔም ስለ ወርቅ ዋጋ ከእሷ የተሻለ የማውቀው አልነበረም። የማውቀው ክብደትንና ቅልቅልን ነው፤ ነገሩ ሲመረመር ደግሞ ዋናው ጥያቄ ያለው እዚያ ሆኖ ተገኘ።

በቤተ ሙከራው የታየው

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አምስቱንም አንድ በአንድ መዘንኋቸው። ሀብሉ በመጀመሪያ 18.46 ግራም አሳየ። በብርሃን ስንመለከተው በሰንሰለቱ ዓይኖች መካከል ቀይ ዱቄት ተጣብቆ አየን፤ የእናትየው በርበሬ ነበር። በለብታ ውኃና በሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዘን አጥበን ካደረቅነው በኋላ 18.40 ግራም ሆነ። ከፓስፖርቷ ጋር ያስቀመጠችውን የጅዳውን ፋቱራ (የግዢ ደረሰኝ) ቁርኣን ቤት የተማረው ወንድሟ ሲያነብልን፣ ክብደቱ 18.40፣ ዒያሩም (ካራቱም) 21 ይላል። ባለሱቁ ለእድፍና ለብየዳ 2 ግራም ሲቀንስ፣ ሦስት ዓመት ተኩል በርበሬ ውስጥ የከረመ ሀብል በእድፍ ምክንያት የጨመረው የግራም 6 መቶኛ ብቻ መሆኑን እዚያው አየነው።

ብራስሌቱ 12.60፣ ቀለበቱ ከነድንጋዩ 5.10፣ ሎቲው 2.40፣ የአያቷ ጉትቻ 9.50 ግራም መዘኑ። ቅቡ ጉትቻ ሲወጣ የቀሩት አራቱ 38.50 ግራም ናቸው፤ ስለዚህ የባለሱቁ ሚዛን የሚነቀፍ አልነበረም። ብዙ ሰው ወርቅ ሊሸጥ ሲሄድ የሚፈራው ሚዛኑ እንዳያታልለው ነው። በዚህ ጉዳይ ሚዛኑ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ሚዛኑ ካሳየው ቁጥር በኋላ በተሠራው ሒሳብ ውስጥ ነው።

ካራት ማለት በወርቅ ነገር ከ24 እጅ ስንቱ እጅ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ የሚያሳይ መለኪያ ነው። 18 ካራት ከ24ቱ 18 እጁ፣ ማለትም 75 በመቶው ወርቅ ሲሆን ማህተሙ 750 ይላል፤ 21 ካራት 87.5 በመቶ ነው፣ ማህተሙም 875 ይሆናል። የቀረው ጌጡን ለማጠንከርና ቀለም ለመስጠት የሚገባ ብርና መዳብ ነው። በሳውዲ ገበያ እጅግ የተለመደው 21 ካራት ስለሆነ፣ ከወሎ ወደዚያ ሄደው የሠሩ ሴቶች ይዘውት የሚመለሱት ወርቅም አብዛኛው ይኸው ነው። የድንጋይ ካራት ከዚህ ጋር ስም ብቻ ይጋራል፤ እሱ የክብደት መለኪያ ሲሆን አንዱ 0.2 ግራም ነው። ሁለቱን ማምታታት ለሻጭም ለገዢም ቀላል ነው።

ማህተምን ማንም ሊመታ ስለሚችል የባለሱቁ ጥርጣሬ በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተቱ ተጠራጥሮ አለመፈተኑ ነው። እኛ በውኃ ፈተንነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ከመለስሁ በኋላ ጌጡን በቀጭን ክር አንጠልጥዬ፣ ታቹንም ጎኑንም ሳያስነካ ውኃው ውስጥ አጠለቅሁት፤ ሚዛኑ የሚያሳየው ጭማሪ ጌጡ የገፋው ውኃ ክብደት ነው። የጌጡ ክብደት ለዚህ ሲካፈል እፍጋቱ፣ ማለትም በመጠን ከሚተካከለው ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ፣ ይገኛል። ንጹሕ ወርቅ 19.3፣ ብር 10.5፣ መዳብ 9 ገደማ ነው። ሀብሉ 1.08 ግራም ውኃ ገፋ፤ 18.40 ለ1.08 ሲካፈል 17 ይሆናል፣ ይህም ከ21 ካራት ጋር ይስማማል። ብራስሌቱ 0.82 ገፍቶ 15.4 ሰጠ፣ ይህም የ18 ካራት ልክ ነው። ዘዴው ውስጡ ክፍት ለሆነና አየር ለያዘ ጌጥ አይሠራም፤ ድንጋይ ላለበትም እንዲሁ። የሀብሉ መቆለፊያ ማግኔት ሲስበው ባለጉዳይዋ ደንግጣ ነበር፤ ነገር ግን በመቆለፊያው ውስጥ ያለችው ጥቃቅን ሞላ ብዙ ጊዜ ከብረት የምትሠራ ስለሆነ ያ ብቻውን የሀሰት ወርቅ ምልክት አይሆንም።

የአያቷ ጉትቻ 0.93 ግራም ውኃ ስለገፋ እፍጋቱ 10.2 ሆነ፤ መዳብ የገባበት ብር ነው። ይህ ቁጥር አንድ ነገር አስታወሰኝ። ማርትሬዛ የምንለው ጠገራ ብር፣ መቼም ይመታ መች 1780 የሚል ዓመት የታተመበት፣ ከሺሕ 833 እጁ ብር የሆነና 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ነበር፤ አንጥረኞች ጌጥ የሚሠሩትም እሱኑ አቅልጠው እንደነበር የታወቀ ነው። 833 እጅ ብርና የቀረው መዳብ የሆነ ቅልቅል በስሌት የሚሰጠው እፍጋት 10.2 ነው። ጉትቻው ከማርትሬዛ ለመሠራቱ ይህ ማስረጃ አይሆንም፤ እኔ ግን ሳላምነው አልቀረሁም። ባለጉዳይዋ ያን ጊዜ ጉትቻውን ከሽያጩ አወጣችው።

ሒሳቡ

በዚያ ሳምንት የዓለም የወርቅ ዋጋ ታሪክ ሠርቶ ነበር፤ መጋቢት 5 ቀን አንድ አውንስ ለመጀመሪያ ጊዜ 3,000 ዶላር አለፈ። የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ የንጹሕ ወርቅ አንድ ግራም 96 ዶላር ከግማሽ ገደማ ይመጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ እኛ ለስሌታችን 130 ብር ይዘን፣ የንጹሕ ወርቅ ግራም 12,500 ብር ብለን አጠጋጋነው። ወርቅ ቤት በዚህ ዋጋ እንዲገዛ መጠበቅ አይገባም። የሚቀልጥበት፣ የሚያጣራበት፣ ገንዘቡ የሚታሰርበት፣ የተሰረቀ ዕቃም ሊገባበት የሚችል ነጋዴ ትርፉን መያዙ ያለ ነው። ቁጥሩ የሚያስፈልገው የነጋዴው ትርፍ ስንት እንደሆነ ለማየት ነው።

ቀጥሎ ጌጡን ሁሉ ወደ ንጹሕ ወርቅ መለስነው። ሎቲው እንደ ሀብሉ 21፣ ቀለበቱ እንደ ብራስሌቱ 18 ካራት ተብለው ሲያዙ፣ ሀብሉ 16.10፣ ብራስሌቱ 9.45፣ ሎቲው 2.10 ግራም ንጹሕ ወርቅ አላቸው። የቀለበቱ ድንጋይ ገና ስላልወጣ በግምት ያዝነው፤ በኋላ ሲወጣ 0.90 ግራም ሆኖ ስለተገኘ ቀለበቱ ያለ ድንጋዩ 4.20፣ ንጹሕ ወርቁም 3.15 ግራም ነው። ድምሩ 30.80 ግራም ይሆናል። አንድ አውንስ ሊሞላ የቀረው የሲሶ ግራም ያህል ብቻ ነበር፤ ይህች ሴት ሳታውቀው መሀረብ ውስጥ ቋጥራ የዞረችው በዓለም ገበያ ሒሳብ 385,000 ብር የሚያወጣ ንጹሕ ወርቅ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ባለሱቅ እንመለስ። 9,200 ብር ለ18 ካራት መልካም ዋጋ ነው፤ በዚያው መጠን 21 ካራቱን 10,733 ብር ገዝቶ ትክክለኛውን ክብደት ቢይዝ ኖሮ መክፈል የነበረበት 377,813 ብር ነበር። ያቀረበው 322,000 ነው። ከ55,813 ብሩ ልዩነት 31,893ቱ የሄደው 20.80 ግራም 21 ካራት እንደ 18 ስለተቆጠረ ሲሆን፣ 23,920ው ደግሞ ያለ አግባብ በተቀነሰው 2.60 ግራም ነው፤ ድንጋዩ 0.90 ሆኖ ሳለ 1.5 ተብሏል፣ ለእድፍና ለብየዳ የተባለው 2 ግራም ደግሞ መሠረት አልነበረውም። ቅኔ ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም የወሰደው ከአንጥረኛ ሙያ ነው፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በቦታው ወርቁ ይፈስሳል። የባለሱቁም ንግግር እንዲሁ ነበር፦ ሰሙ «9,200»፣ ወርቁ «ሁሉም 18» ነው። ሰው ሁሉ ወርቅ ቤት ደርሶ የሚጠይቀው «ግራሙ ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ስለሆነ፣ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ግራሙን ዝቅ የሚያደርግ ነጋዴ ከተፎካካሪው ሁሉ የተሻለ ይመስላል።

ሁለተኛው ወርቅ ቤት

ረቡዕ አብረን ሄድን። በመጀመሪያ የጠየቅናቸው ሁለት ቤቶች ወይ ከዚያ ያነሰ ጠሩ፣ ወይ በአዲስ ጌጥ ካልሆነ በጥሬ ገንዘብ አንገዛም አሉ፤ መለወጥ ደግሞ ለአዲሱ የእጅ ዋጋ መክፈል ስለሆነ ለእኛ አይጠቅምም። አንድ ደላላ ወርቁን አዲስ አበባ ወስዶ በተሻለ ዋጋ ሊሸጥላት ፈለገ፤ ይህን አንድ ደቂቃ እንኳ አልተነጋገርንበትም።

በመጨረሻ የገባንበት ቤት ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ አንጥረኛ ናቸው። ዋጋ ስንጠይቃቸው «የ18ቱ 8,800» ሲሉ ባለጉዳይዋ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች። «የ21ዱስ፣ አባባ?» አልኋቸው። «10,250» አሉ። ከዚያም ሳንጠይቃቸው እያንዳንዱን ጌጥ ለየብቻ ፈተኑ። ጥቁሩን ድንጋይ በጨርቅ ወልውለው ሀብሉን አንድ ጊዜ ወደ እሳቸው ሳቡት፤ ቀጭን ቢጫ መስመር ቀረ። አጠገቡ ካራቱ ከታወቀ መርፌ ሌላ መስመር አሰመሩ። ከትንሽ ጠርሙስ በመስተዋት ዘንግ አንዲት የአሲድ ጠብታ በሁለቱም ላይ አሳለፉ። ነሐስ ቢሆን መስመሩ ወዲያው አረንጓዴ አረፋ አውጥቶ ይጠፋ ነበር፤ ካራቱ ያነሰ ቢሆን ከመርፌው መስመር ቀድሞ ይደበዝዝ ነበር። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን እኩል ቆዩ። አንጥረኛው ምንም ሳይሉ 21 ብለው ጻፉ።

የቀለበቱን ጥፍሮች በቀጭን ጉጠት ፈልቅቀው ድንጋዩን አወጡና ለብቻው መዘኑት፤ በወረቀት ጠቅልለውም ለባለጉዳይዋ መለሱላት። ለብየዳ ምንም አልቀነሱም። ያቀረቡት 16.80 ግራም በ8,800፣ 20.80 ግራም በ10,250፣ ድምሩ 361,040 ብር ነው። ለአንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ሲሰላ የእሳቸው ዋጋ 11,722 ብር፣ የመጀመሪያው ባለሱቅ ግን 10,455 ብር ገደማ ይመጣል። ዝቅ አድርገው የጠሩት ሰው 39,040 ብር አብልጠው ከፈሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ባለጉዳይዋ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ አነሣች፦ ሁሉንም መሸጥ ግድ ነው ወይ? ብራስሌቱን፣ ቀለበቱንና ሎቲውን ከእንግዲህ ማየት አትፈልግም። ሀብሉ ግን የስድስት ዓመት ጉልበቷ ነው፤ የምትሸጠው መኪናዎቹን ለመክፈል እንጂ ስለጠላችው አይደለም። ሦስቱ ብቻ ሲሰሉ 172,440 ብር ያወጣሉ፤ የጎደለው 27,560 ነው። የዕቁቧ ዕጣ 30,000 ብር ሲሆን የሚጣለው እሑድ ነበር። ተራ ሊለውጣት የሚችል ሰው እንዳለ ለዕቁቡ ዳኛ ደወለች፤ አለ። ቀጥሎ ለመኪና ሻጩ ደውላ አብዛኛውን ሐሙስ፣ ቀሪውን እሑድ ማታ ብትከፍል እንደሚስማማ ጠየቀችው። «ምን ችግር አለው» አላት። ሐሙስ የሚለው ቀን ለሦስት ቀን ሌሊት እንቅልፍ የነሳትና 39,000 ብር ሊያስከፍላት የነበረ ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ እኔን ጨምሮ ማናችንም ሰውዬውን አልጠየቅነውም። በዚህ ራሴን ወቅሻለሁ።

አንጥረኛው መታወቂያዋን አይተው መዘገቡ፤ የፈረሰ ጌጥ ከማን እንደገዙ ካልጻፉ፣ ነገ የተሰረቀ ነው ቢባል መልስ እንደማይኖራቸው ነገሩን። ገንዘቡ በባንክ ወደ ሒሳቧ መግባቱን በስልኳ ካረጋገጠች በኋላ ዕቃው ከጠረጴዛው ተነሣ። እያንዳንዱ ጌጥ በካራቱና በግራሙ ተለይቶ የተጻፈበት ደረሰኝም ተቀበለች።

የሀብሉን ፋቱራ በኋላ አንድ ጊዜ ተመለከትሁት። በ2013 የከፈለችው ዋጋ ውስጥ የእጅ ዋጋና የሳውዲው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነበሩበት፤ እነዚህ ጌጡ ከሱቅ በወጣ ቅጽበት የጠፉ ናቸው፣ ማንም ገዢ አይመልሳቸውም። ቢሆንም ያኔ አውንሱ 1,800 ዶላር አካባቢ ስለነበር ኪሳራው ተሸፍኗል። ሽያጩ ካለፈ ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም 2018 መጨረሻ፣ አውንሱ 4,000 ዶላር ሲያልፍ ጎረቤቶች ሀብሉን በማስቀረታችን ብልሆች አደረጉን። እኔ አልቀበለውም፤ ዋጋው ሊወርድም ይችል ነበር፣ የተሸጡት ሦስቱም ቢቆዩ በዚያው ልክ ይጨምሩ ነበር። የተሸጡት ግን በእነዚያ ወራት ልብስ ሲሰፉ ከርመዋል።

የቀረው ድንጋዩ ነው። የቀድሞ ባሏ ሩቢ ነው ብሎ ነበር የሰጣት። የስፌት መኪናዎቹ በገቡ ሳምንት ይዛው መጣችና በዚያው ብርጭቆ ውኃ መዘንነው፦ 0.90 ግራሙ 0.36 ገፋ። ሩቢ ቢሆን እፍጋቱ 4 ይሆን ነበር፤ ይህ 2.5 ነው፣ ተራ መስተዋት። ባለጉዳይዋ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና ከት ብላ ሳቀች። አሁን ከቁልፎቹ ጋር በክር መሳቢያዋ ውስጥ ይገኛል።